ሁለት የተቃጠሉ ጆሮዎች

በብራምሊ መንደር የባዘኑ አሳማዎችን የሚቆጣጠረው የአሳማ ሹም ኤፍሬም ላትሮፕ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሞቶ ተገኘ። ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ጅረት ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ኤፍሬም ደግሞ ኮርማ በቀንዱ ይዞ የሚጥል ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሕፃናት በሚንቦጫረቁበት ውኃ እንዴት ይሞታል ብሎ የጠየቀ ሁሉ መልሱን አብሮ ይዞ ነበር የመጣው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መበለቲቱ ጣቢታ ክሌይ ተያዘች፤ በመንደሩ ዘበኛ በጌዴዎን ሃል ጎተራም ተቆለፈባት።

ብራምሊ ከቦስተን የሁለት ቀን መንገድ ናት። የአውራጃው መርማሪ አልዓዛር ዊካም ግን ቅርብ ከተማ ለሌላ ሥራ መጥቶ ስለነበር ዓርብ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሃያ ዓመት በመርከብ ላይ በሐኪምነት ያገለገለ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግረው ከአፉ ይልቅ እጁን የሚያይ ሰው ነው። ጌዴዎን ፈረሱን ተቀበለውና ነገ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሴትዮዋን ወደ አውራጃው እስር ቤት መውሰድ እንዳለበት ነገረው። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ የሚሄድ የለም።

«ምን አስቸኮለህ?» አለው አልዓዛር።

«የቸኮለችው ሚስቴ ናት ጌታዬ። መተተኛ ጎተራዬ ውስጥ አስቀምጬ ሰንበትን አላሳልፍም አለች። ዛሬ ጠዋት ላማችን ወተት ነሥታለች።»

«ማን ነበር የሚያልባት?»

«ሚስቴ ራሷ ናት። እጇ ሲንቀጠቀጥ ነው ያደረው።»

ጌዴዎን መንገዱን ሁሉ ነገሩን ከሥሩ አወራው። የጣቢታ ትልቋ አሳማ ከጠፋች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሰኞ ዕለት ጣቢታ የአሳማ ሹሙን በሰው ፊት ይዛ፣ የጠፋ ከብት መፈለግ ሥራህ አይደለም ወይ፣ እኔ እንቅልፍ እንዳጣሁ አንተንም እንቅልፍ ይንሣህ ብላዋለች። ሐሙስ መንደሩ በሙሉ የሳምንቱን ስብከት ሊሰማ በጉባኤው ቤት ተሰበሰበ። ዲያቆን ኦባድያ ፔል ከስብከቱ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቹን ለምሳ ይዞ ቤቱ ሲገባ፣ ከአሳማዎቹ አንዷ ተንዘፍዝፋ ሞታለች። አባቶቻቸው ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት ልማድ አለ፤ መተት የነካው ከብት ጆሮው ተቆርጦ እሳት ውስጥ ይጣላል። ቃጠሎው መተተኛዋን ያገኛትና ወደዚያው ምድጃ ይጎትታታል። ጆሮዎቹ ገና ከሰል ሳይሆኑ በሩ ተንኳኳ። ጣቢታ ክሌይ ናት፤ ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እሷን እያዩ አፋቸው እንደተከፈተ፣ ኤፍሬም ጅረቱ ውስጥ ሞተ የሚል ጩኸት ተሰማ።

«ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አለ ጌዴዎን።

«ከዚህ ያነሰ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ አልዓዛር።

ሬሳው በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። አልዓዛር ፀጉሩን ገልጦ ከማጅራቱ በላይ እጅ የሚያህል ሰፊ ብልዝ አገኘ። ቆዳው አልተቀደደም። ድንጋይ ቢሆን ይቀድ ነበር፣ መጥረቢያ ቢሆን ይሰነጥቅ ነበር። የሱሪው ሁለት ጉልበቶች ላይ የጅረቱ ጭቃ ደርቋል።

የሟቹ ሚስት ቃስያ እጇን አጣምራ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ዓይኗ ደረቅ ነው። አልዓዛር አየና እንዳላለቀሰች ነገራት።

«ለማን ብዬ? ለሚያየኝ ሰው ነው ለሱ?» አለች። «ይመታኝ ነበር። ይህንንም ይጻፉት። ስብከቱን አቋርጬ መውጣቴንም ይጻፉ። ሆዴን አሞኝ መቃብር ቦታው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ያየኝ የለም።»

«ከመሞቱ በፊት የነገረዎት ነገር ነበር?»

«ረቡዕ ማታ ብቻውን ይስቅ ነበር። ‹ነገ የመንደሩ ትልቁ አጥር ይነቃነቃል› አለኝ። ስለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ሳቁን ግን አልወደድኩትም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መተተኛ የገደለችውን ሰው ቤተሰብ ትከተላለች የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀችው። አልዓዛር ሬሳውን ሸፍኖ ታዘባት። ይህች ሴት ባሏን አልወደደችውም፤ ጣቢታን ግን ከልቧ ትፈራለች።

ወደ ጎተራው ሲደርስ ሰባኪው ከዚያ እየወጣ ነበር። ሰባኪው ለሴትዮዋ ከልቡ አዝኗል፤ ኃጢአቷን ብትናዘዝ ልጇ እንደማትነካ ቃል ገብቶላታል። ልጅቷ ሩት ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሽማግሌዎቹ አስቁመው፣ እናትሽ ከድመት ጋር ትነጋገራለች ወይ ብለው ጠይቀዋታል። ሩትም አዎ፣ ‹ከወተቱ ዞር በይ› ትላታለች ብላ መለሰች። ይህ ቃሏ ተጽፎ ተፈርሞበታል።

ጣቢታ ድርቆሽ ላይ ተቀምጣለች። ገና አርባ ያልሞላት ሴት ናት፤ በአንድ ቀን ፊቷ ገርጥቷል። አልዓዛር ጨርቁን ፈትቶ እጇን ወደ ብርሃን አወጣው። የቁስሉ ዳር ዳሩ አዲስ ሮዝ ቆዳ አብቅሏል።

«በምን ተቃጠሉ?»

«ሳሙና ስሠራ የአመድ ውኃ ፈስሶብኝ ነው። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ሐሙስ ዕለት ወደ ዲያቆኑ ቤት ለምን ሄዱ?»

ጣቢታ ቀና አለች። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ‹ለምን ትጎጂናለሽ› ነው የሚሉኝ።»

«እኔ ጠየቅሁዎት።»

«ኤፍሬም ነው የጠራኝ። ረቡዕ ዕለት አጥሬ ጋ ቆሞ፣ ‹አሳማሽን አግኝቻታለሁ፤ ከስብከቱ በኋላ ዲያቆኑ ቤት ነይ፣ በሰው ፊት እሰጥሻለሁ› አለኝ። የታረቀኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«የሚመሰክርልኝ ሰው ሞቷል። ‹የሞተው ሰው ጠራኝ› ብል ምን ይሉኛል ጌታዬ?» እጇን መልሳ ጠቀለለች። «ነገ በጉባኤው ፊት አምናለሁ። እኔ ከተሰቀልኩ ሩትን ይተዋታል። ካላመንኩ ስሟን ከስሜ ሥር ይጽፉታል። ሰባኪው ወረቀቱን አሳይቶኛል፤ ቦታ ትተውላታል።»

አልዓዛር እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ድረስ እንድትታገሰው ለመናት። እሷም ስሟ ሲጠራ ተነሥታ እንደምትናገር፣ ከዚያ በላይ ልትጠብቅ እንደማትችል ነገረችው። እናት የሆነ ሰው በዚህ አይፈርድባትም።

ዲያቆን ኦባድያ መርማሪውን በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ የሚናገረውን ሁሉ ያምንበታል።

«ጆሮዎቹን ያቃጠሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። በቤቴ ለሚደረገው ሁሉ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ሚስቱ ሐፍሴባ የጡት ልጇን አቅፋ በሌላው እጇ የበቆሎ ገንፎ ታማስል ነበር። ሌሎቹ አራት ልጆች በየጥጉ ይርመሰመሳሉ። ሐሙስ ዕለት ሕፃኑ አሞት ከስብከቱ ቀርታ እንደነበር፣ አሳማዋም ስትንዘፈዘፍ ያየቻት እሷ እንደሆነች ሳትጠየቅ ተናገረች። ፊቷ ያረፈ ነው። በዚያ መንደር በዚያ ሳምንት እንቅልፍ የጠገበ ሰው አልዓዛር ያየው እሷን ብቻ ነበር። ገንፎም ቀረበለት፤ እያመሰገነ በላ።

ሲነሣ የመንገድ ጭቃ ያበላሸውን ሸሚዝ አሳይቷት፣ ላስቸግርዎትና ያጥቡልኝ ይሆን ወይ ብሎ ለመናት። የልብስ ገንዳው በሩ አጠገብ ተደፍቷል፤ ከጎኑ ያለው ኩላብ ግን ባዶ ነው።

«ባጥብልዎ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «የልብስ መደብደቢያ እንጨቴን ቃስያ ተውሳኛለች። እስከ ሰኞ አትመልስልኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት አልዓዛር ከጌዴዎን ጋር ከዲያቆኑ ጋጣ ጀርባ የተቀበረችውን አሳማ አስቆፈረ። መተት የነካው ሥጋ ስለማይበላ እንዳለች ነው የተቀበረችው። ጌዴዎን አፍንጫውን ይዞ፣ ዓይኑንም በከፊል ጨፍኖ ነበር። አልዓዛር አንገቷን፣ የሥጋዋን መንጣት፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ከሥራቸው መቆረጣቸውን አየ። ከዚያ በአፍንጫዋ ላይ ያለውን ቀለበት በጣቱ እያዞረ ቆየ። አሳማ መሬት እንዳይቆፍር ቀለበት ማሰር በሕግ የታዘዘ ነው፤ በመንደሩ ቀለበት የሌለው አሳማ የለም። መርማሪው ግን ተነሥቶ ወደ ዲያቆኑ ጉሮኖ ገባና የአሳማዎቹን አፍንጫ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ እስከ ጣቢታ ቤት ሄዶ የቀሩትን ሁለት አሳማዎቿን አፍንጫ አየ። ቀጥሎ ቃስያን ስለ መደብደቢያው ጠየቃት። እሷም የራሴ እያለኝ ለምን የሰው እዋሳለሁ ብላ ከኩላቡ አውርዳ አሳየችው። በመጨረሻ የየቤተሰቡ የከብት ጆሮ ምልክት የተጻፈበትን የመንደሩን መዝገብ አስወጣ። ጌዴዎን ከኋላው እየሮጠ፣ ፈረሱ እንደተጫነ፣ ፀሐይዋም እንዳዘቀዘቀች ሦስት ጊዜ አስታወሰው።

በጉባኤው ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሰባኪው ጸሎት አድርሶ የጣቢታን ስም ጠራ። እሷም ተነሣች። ሩት ከሽማግሌዎቹ መሀል ቆማለች፤ እናቷን እንጂ ሌላ አታይም። ጣቢታ አፏን ስትከፍት አልዓዛር ቀደማት።

«እመት ጣቢታ የሚናገሩት ነገር የላቸውም። ይቀመጡ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አልዓዛር ጸጥ እስኪሉ ጠበቀና ከጣቢታ እጅ ጀመረ። የእጇ ቁስል ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ የመንደሩ አዋላጅ አይታ እውነት ነው ብላለች። ሐሙስ የነደደ እሳት ከሁለት ሳምንት በፊት እጅ ሊያቃጥል አይችልም። ወደ ዲያቆኑ ቤት የመጣችውም እሳት ስቧት ሳይሆን ኤፍሬም ቀጥሯት ነው።

«ይህን የምትለው እሷ ናት» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እሷ ናት። ኤፍሬም ግን ለሚስቱም ትልቁ አጥር ይነቃነቃል ብሏል። አሳማዋን አግኝቷት ነበር። እኔም አገኘኋት።» ከኪሱ ቀለበት አውጥቶ ከፍ አደረገው። «ይህ ከዲያቆኑ ጋጣ ጀርባ ከተቀበረችው አሳማ አፍንጫ የወጣ ነው። የዲያቆኑ አሳማዎች ሁሉ የሽቦ ቀለበት ነው ያላቸው። ይሄ የፈረስ ጫማ ምስማር ነው፤ ሁለት ጊዜ ተጠማዟል። በዚህ መንደር ምስማር እንዲህ የሚያጠማዝዝ ማን ነበር?»

የጣቢታ ባል አንጥረኛ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ በቤቷ የቀሩት ሁለት አሳማዎች አፍንጫ ላይም ያለው እንዲሁ ያለ ምስማር ነበር።

«ስለ ጆሮ እንነጋገር» አለ አልዓዛር። «መዝገቡ እንደሚለው የክሌይ ቤት ምልክት የግራ ጆሮ ጫፍ መሰንጠቅ ነው። የፔል ቤት ምልክት የግራ ጆሮ ጫፍ መቆረጥ ነው። የተሰነጠቀ ጫፍ ሲቆረጥ ስንጥቁ አብሮ ይሄዳል። ግን አሳማ ምልክት የሚደረግባት ግልገል ሳለች ነው። ባረጀች አሳማ ጆሮ ላይ ገና ያልዳነ ቁስል ካየ፣ የአሳማ ሹም ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ጆሮው መጥፋት ነበረበት። ልማዱ ስንት ጆሮ ነው የሚያዘው?»

«አንድ» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ሳያስበው።

«እዚህ ሁለቱም ተቆርጠዋል፤ ግራው ብቻ ቢጠፋ ዓይን ይስባልና። ቀለበቱ ግን ተረሳ። እናንተ ከብት የማን እንደሆነ የምታውቁት በጆሮ ነው፤ መዝገባችሁም የሚያውቀው ጆሮን ብቻ ነው። አፍንጫ የሚያይ የለም። አሳማዋም ተንዘፍዝፋ አልሞተችም። አንገቷ ተወግቶ ደሟ ፈስሷል።»

ዲያቆኑ ተነሣ። ፊቱ ነጥቷል። «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ ብያለሁ።»

«ብለዋል። እርስዎ የቤት ጌታ ነዎት፤ በቤትዎ ለተደረገው ሁሉ ‹እኔ› ብለው ይመልሳሉ። ዘበኛውም እንዲሁ ጻፈው። ግን ሐሙስ ዕለት ከመድረኩ ሥር ፊትዎን ወደ ሕዝቡ አድርገው ተቀምጠው ነበር፤ የአሸዋው ሰዓት ሁለት ጊዜ እስኪገለበጥ አልተነሡም። ሰው ሁሉ አይቶዎታል። ቤትዎ ሲገቡ ጆሮዎቹ እሳት ውስጥ ነበሩ። አብረውዎት የገቡትን ሁለት ሰዎች ዛሬ ጠይቄያቸዋለሁ። ማን እንደቆረጠ አላዩም፤ እርስዎም አላዩም።»

ዲያቆኑ ቀስ ብሎ ወደ ሴቶቹ ወገን ዞረ።

«ኤፍሬም ተንበርክኮ ሳለ ነው የተመታው» አለ አልዓዛር፣ ድምፁን ሳያነሣ። «በሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ቆዳ በማይቀድ። ልብስ መደብደቢያ ነው። የቃስያን አይቻለሁ፤ ቦታው ላይ ነው፣ የሌላ ሰውም አልተዋሰችም። እመት ሐፍሴባ፣ የእርስዎ የት ነው?»

ሐፍሴባ ሕፃኑን ታጠባ ነበር። ማጥባቷን ሳታቆም መለሰች።

«አቃጥዬዋለሁ።»

ባሏ ሊያስቆማት እጁን አነሣ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሐፍሴባ አልጮኸችም። የራሳቸው ትልቋ አሳማ በሚያዝያ እንደሞተችባት፣ በእሷ ቸልተኝነት ስለነበር ለባሏ እንዳልነገረችው፣ ክረምት ደግሞ አምስት አፍ ይዞ እንደሚመጣ ተናገረች። የጣቢታ አሳማ ራሷ ነበር አጥር ጥሳ የገባችው፤ እሷም የጆሮዋን ጫፍ ቆርጣ በሞተችው ቦታ ተካቻት። ሐሙስ ጠዋት ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ጨርቁን ልታጥብለት ጅረት ወረደች። ኤፍሬም መጣና ከስብከቱ በኋላ በቤታቸው በሰው ፊት እንደሚገልጣት፣ በሰንበትም በጉባኤው ፊት እንደሚያቆማት ነገራት። ለመነችው። ሳቀ፤ ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተንበረከከ።

«አንዴ ነው የመታሁት» አለች። «እስኪነሣ ጠብቄዋለሁ። አልተነሣም።»

«ጣቢታ እንደምትወነጀል አውቀው ነበር?»

«ማንንም አላሰብኩም። ጆሮው እንዲጠፋልኝ ብቻ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ግን…» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። «እጇን አስራ ሳያት ደስ አለኝ። ‹ለካ እሷ ናት› አልኩ። ‹እጄን ያነሣችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።› ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።» ወደ ጣቢታ ዞረች፤ ዓይኗ ይለምናል። «አንቺ አይደለሽም?»

ጣቢታ ተሻግራ ሩትን ከሽማግሌዎቹ መሀል በእጇ ወሰደቻት። እያንዳንዱ በዚህ ሳምንት በጣቢታ ላይ የጫነው ነገር ነበረው፤ አንዱ የሻገተ እህል፣ አንዷ የጨነገፈ ፅንስ። አሁን ሁሉም ወደየባለቤቱ ተመለሰ፣ መሸከም ግን አቃታቸው። የጌዴዎን ሚስት ብቻ፣ «የላሟስ ነገር?» ብላ ጀመረች፤ የጨረሰላት ሰው የለም።

የተጫነው ፈረስ ሌላ ሴት ይዞ ሄደ። ሐፍሴባ ሕፃኑን ከጡቷ አላቅቃ ለባሏ ሰጠችው። ዲያቆኑ ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም ነበር። የሕፃኑ ልቅሶ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት እስኪገባ እስከ መንገዱ ተሰማ፤ ከዚያም በኋላ ተሰማ።

በማግሥቱ ጣቢታ ሩትን በእጇ ይዛ ወደ ጉባኤው ቤት ሄደች። ብትቀር ፈራች ይሉ ነበር፤ ብትሄድ ምን እንደሚሉ አታውቅም። በብራምሊ እያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉ የተመደበለት መቀመጫ አለው፤ የእሷ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ገብታ ተቀመጠች። እዚያው አግዳሚ ላይ የተመደቡት አራት ሴቶች ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ። አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች፣ ሌላዋ ሰማዩን ታያለች። ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ አልገቡም። ሩት የእናቷን ቀሚስ ጨመደደች።

ቃስያ ላትሮፕ ጥቁር ለብሳ ገባች። መቀመጫዋ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ቦታን መልቀቅ ያስቀጣል። መተላለፊያው አፍ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ከጣቢታ አጠገብ ተቀመጠች። በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ቦታ ትታለች። ሁለቱም ፊት ለፊት ያያሉ።

«አሁንም እፈራሻለሁ» አለች ቃስያ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እኔም እፈራሻለሁ» አለች ጣቢታ።

ሰባኪው መጽሐፉን ገለጠ። ደጁ ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ገባች።